ዓይን የሚጠይቅ ፎርም፣ ዓይን የሌላት ልጅ፦ የአንዲት የ3ኛ ክፍል ተማሪ ማህበራዊ ክህሎት እንዴት እንደተለካ

ወደ ሪሶርስ ሩማችን (ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች የተዘጋጀው ክፍል) የመጣው ደብዳቤ ግማሽ ገጽ አይሞላም። የአንዲት ዓይነ ስውር ልጅ የክፍል አስተማሪ «ከልጆች ጋር አትቀላቀልም፣ ስትቀመጥ ትወዛወዛለች፣ ዓይኗን በጣቷ ትጫናለች፣ ሲያናግሯት ወደ ሰው አትዞርም፣ ኦቲዝም ሊሆን ስለሚችል ይታይልን፣ ካልሆነም ወደነበረችበት አዳሪ ትምህርት ቤት ብትመለስ ይሻላታል» ብሎ ጽፏል፣ ከኋላው ደግሞ ከውጭ የተተረጎመ የማህበራዊ ክህሎት መለኪያ ፎርም ተሞልቶ ተያይዟል። ስኮሩ ዝቅተኛ ነው፣ በጣም። እና ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፣ በዛ ስኮር ላይ ተመስርቶ ልጅቷ ከእናቷ ቤት ልትወጣ ነው።

ልጅቷ 10 ዓመቷ ነው፣ 3ኛ ክፍል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ የመንግስት ትምህርት ቤት። ስትወለድ ጀምሮ ችግሩ ሬቲናዋ (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ክፍል) ላይ ነው፣ ብርሃን ብቻ ትለያለች፣ ማለት መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ታውቃለች ግን ፊቷ ላይ እጅ ቢወዛወዝ አታይም። በኛ አገር የተለመደው መንገድ ዓይነ ስውር ልጅ መጀመሪያ እንደ ሰበታ ወይም ሻሸመኔ ያለ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቶ ብሬይሉንም (በጣት የሚነበበውን ጽሑፍ) በኬን (በበትር) መሄዱንም እዛ ተምሮ ከዛ በኋላ ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት መቀላቀል ነው። ይህቺ ግን እንደዛ ካለ አንዱ ገብታ እናቷ ናፍቆቱን ስላልቻሉት መሃል ላይ ነው ያወጧት፣ ስለዚህ ብሬይሏ ጎበዝ ነው፣ ስታይለሱን (የብሬይል መውጊያውን) ይዛ ስትወጋ ፍጥነቷ ያስቀናል፣ ነገር ግን እዚህ ከመምጣቷ በፊት ሙሉ ቀን ከሚያዩ ልጆች ጋር ውላ አታውቅም። የነበረችበት ቦታ ሁሉም ልጅ ሲመጣ ስሙን ይናገራል፣ ሁሉም እጅ ይነካል፣ ማንም ዝም ብሎ ተነስቶ አይሄድም። አዲሱ ግቢ ውስጥ ደግሞ ግማሹ ንግግር በዓይንና በጣት ነው።

ፎርሙን ቁጭ ብለን ጥያቄ በጥያቄ ስናየው «ሲያናግሯት ዓይን ለዓይን ታያለች» ዜሮ፣ «የሌላውን ፊት አይታ ስሜቱን ትረዳለች» ዜሮ፣ «ጓደኛዋን ከሩቅ ስታይ ሰላም ትላለች» ዜሮ፣ «የቡድን ጨዋታ ውስጥ ትገባለች» ዜሮ፣ «እንግዳ ሲመጣ ታስተናግዳለች» ዜሮ። በተቃራኒው «ክፍል ውስጥ አትረብሽም» ሙሉ፣ «ተራዋን ትጠብቃለች» ሙሉ፣ «ከሌሎች ጋር አትጣላም» ሙሉ። የመጀመሪያዎቹ ለምን ዜሮ እንደሆኑ ለማንም ግልጽ ነው፣ የማህበራዊ ክህሎት ጥያቄ ተብሎ የተጠየቀው ዓይን ነው። (የዓይን ለዓይኑ ነገር ለሚያየውም ልጅ እኮ አስቸጋሪ ነው፣ እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲቆጣው ትክ ብሎ የሚያይ ልጅ ጨዋ አይባልም፣ አንገቱን ደፋ የሚያደርገው ነው ያደገ የሚባለው። ፎርሙን የተረጎመው ሰው እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ቢል ጥሩ ነበር።) እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ግን ሙሉ የተሰጣቸው ናቸው፣ ምክንያቱም ከማንም ጋር የማይጣላ፣ የማይረብሽ፣ ሁሌ ተራውን የሚጠብቅ የ10 ዓመት ልጅ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ጨዋ ልጅ ሳይሆን ማንም የማያጫውተው ልጅ ነው።

ይሄ ችግር አዲስ አይደለም። ኤድጋር ዶል የሚባል አሜሪካዊ ኒው ጀርሲ ውስጥ ቫይንላንድ በሚባል ቦታ በ1935 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ያወጣው የማህበራዊ ብስለት መለኪያ አለ፣ ሀሳቡ ልጁን ከመፈተን ይልቅ ልጁን በደንብ የሚያውቀውን ሰው «በየቀኑ ምን ያደርጋል» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥሩ ሀሳብ፣ እስካሁንም እየታደሰ ይሰራበታል። ግን ለማያዩ ህፃናት እንዳለ አልሆነም፣ እና በ1957 ማክስፊልድና ቡኸልዝ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ትምህርት ቤት ላልገቡ ዓይነ ስውር ህፃናት ብለው እንደገና ሰሩት። ማለት ከ60 ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው፣ እኛ ጋ የደረሰው ፎርም ግን ይሄን ሁሉ ዘሎ ነው የደረሰው።

ታዲያ የኛ ሰዎች ይሄን ሲሰሙ ቶሎ ብለው ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳሉ፣ «ለዓይነ ስውር ልጅ አይሆንም በቃ፣ ስኮሩ ዋጋ የለውም፣ ልጅቷ ምንም የላትም»። ይሄም ልጅቷን አይጠቅማትም። ፊል ሃትለን የሚባል አሜሪካዊ የዓይነ ስውራን ትምህርት ባለሙያ በ1996 ዓይነ ስውር ተማሪ ከመደበኛው ትምህርት በተጨማሪ ሊማራቸው የሚገቡ ነገሮችን ሲዘረዝር ማህበራዊ ግንኙነትን ለብቻው ያስቀመጠው በምክንያት ነው፣ የሚያይ ልጅ ጨዋታ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምረውም፣ አይቶ ነው የሚማረው፣ ያላየ ልጅ ግን ካልተነገረው አያውቀውም። ስለዚህ የጎደለ ነገር ሊኖር ይችላል፣ እና ካልለካነው የቱ እንደሆነ አናውቅም። እኛ ያደረግነው ፎርሙን ሳንጥል ዜሮ የወጣበትን እያንዳንዱን ጥያቄ እየያዝን «ይሄ ዜሮ ከየት መጣ?» ማለት ነው፣ ከማየት? እድሉን ካለማግኘት? ወይስ በእውነት ካለማወቅ?

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ሜዳው ነው፣ እረፍት ሰዓት። የልጆችን ጨዋታ ለመመዝገብ ሚልድረድ ፓርተን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1932 ያስቀመጠችው አከፋፈል እስከዛሬ ይሰራበታል፣ ስራ የፈታ፣ ብቻውን የሚጫወት፣ ቆሞ የሚያይ፣ ጎን ለጎን የሚጫወት፣ የሚቀላቀል፣ አብሮ ተባብሮ የሚጫወት። ፕራክቲከም (የተግባር ልምምድ) የወጣ አንድ ተማሪ በየ30 ሰከንዱ ምልክት እያደረገ መዘገበ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጥንቃቄ ነበረው። የሱ ወረቀት ላይ አብዛኛው «ስራ የፈታ» ነው። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፣ ፊቷ ወደ ሽንት ቤቱ በኩል ዞሯል፣ አልፎ አልፎ ትወዛወዛለች። እንግዲህ ማንም ቢያይ ይሄንኑ ነው የሚጽፈው።

ግን አንድ ባልደረባ አለኝ፣ እሱ ራሱ ዓይነ ስውር ነው፣ እኛው ግቢ ነው የሚያስተምረው፣ እና በማግስቱ እረፍት እዛው ግድግዳ ጋ ከሷ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። እሱ ወረቀት አልያዘም፣ ዝም ብሎ ሰማ። ሲመለስ «ልጅቷ እኮ ሱዚ ላይ ናት» አለኝ። ከግድግዳው ትንሽ ወረድ ብሎ አራት አምስት ሴት ልጆች ሱዚ ይዘላሉ፣ ልጅቷ ፊቷን ያዞረችው ቀኝ ጆሮዋን ወደነሱ ለመስጠት ነው። አላመንኩትም ማለት አልችልም ግን ማረጋገጫ ያስፈልገን ነበር፣ እና እረፍቱ ሲያልቅ እሱ ጠርቷት እንዲሁ በጨዋታ «ዛሬ ማን አሸነፈ?» አላት። አወራችለት! ማን ቁርጭምጭሚት ላይ እንደወጣች፣ ማን ጉልበት እንደደረሰች፣ ማን ላስቲኩን ነክታ «አልነካሁም» ብላ እንደካደች፣ እንደውም «ነካች ቲቸር፣ ላስቲኩ ጥዝ ብሏል» አለችው። ፓርተን «ቆሞ የሚያይ» ብላ ያስቀመጠችው ክፍል ማለት ይሄው ነው፣ ከጨዋታው አጠገብ ሆኖ በልቡ መከታተል፣ የሚያይ ልጅ ቢሆን ፊቱ ወደ ጨዋታው ስለሚዞር በአንድ እይታ ይታወቅለታል። የማያይ ልጅ ላይ ግን ሙሉ ለሙሉ ስራ የፈታ ይመስላል። ሁለቱ መዝጋቢዎች አለመስማማታቸው ነው ዋናው ዳታ፣ እኔ ሁለተኛ መዝጋቢ ማህበራዊ ክህሎት ሲለካ የግድ ነው የምለው ለዚህ ነው፣ ከተቻለ ደግሞ አንዱ ራሱ የማያይ ሰው ቢሆን።

ሰልማ ፍራይበርግ የምትባል የህፃናት ስነ ልቦና ባለሙያ በ1977 ባሳተመችው ስራዋ ተመሳሳይ ነገር አለ፣ ሲወለዱ ጀምሮ የማያዩ 10 ህፃናትን ተከታትላ ነበር፣ ፊታቸው ላይ ብዙ የሚነበብ ስለሌለ ግድ የሌላቸው ይመስላሉ፣ እጃቸውን ማየት ስትጀምር ግን ፍላጎታቸው እዛ ነው የሚታየው። እኛም ከዛ በኋላ የልጅቷን ፊት ትተን እጅና ከንፈሯን መመዝገብ ጀመርን። የሱዚው ዝላይ ከፍ እያለ ሲሄድ የቀሚሷን ጫፍ ጨምድዳ ትይዛለች፣ አንዷ ስትወጣ ትለቀዋለች።

ከዛ የክፍሏን ልጆች ጠየቅን። ለእያንዳንዱ ለብቻው፣ «ለሆምወርክ ግሩፕ ማን ማን ቢሆኑ ትመርጫለሽ?» እና «እረፍት ላይ ከማን ጋር መጫወት ትፈልጊያለሽ?» የሚሉ ጥያቄዎች ነው፣ ማንን እንደማይፈልጉ አልጠየቅንም፣ እሱን መጠየቅ ልጆቹ መሃል ያልነበረ ወሬ መፍጠር ነው። ለሆምወርክ የመረጧት ነበሩ፣ አማርኛ ላይ ጎበዝ ስለሆነች። ለጨዋታ ግን ማንም ስሟን አላነሳም፣ ሁሌ እጇን ይዛ ክፍል የምታስገባት ልጅ እንኳን አላነሳቻትም። ይሄ አሳዛኝ ቢሆንም ግልጽ አድርጎልናል፣ ሜዳ ላይ ከሷ ጋር የሚደረገውን ንግግር ስንመዘግብ ከሞላ ጎደል ሁሉም የእርዳታ ነው፣ «ነይ ልውሰድሽ»፣ «ተጠንቀቂ ድንጋይ አለ»፣ «ቦርሳሽን ልያዝልሽ»። ፎርሙ ላይ ይሄ «ከእኩዮቿ ጋር ጥሩ ግንኙነት አላት» ተብሎ ነጥብ ሊሰጠው ይችላል፣ ረዳት ግን ጓደኛ አይደለም፣ ስለዚህ ለየብቻ ቆጠርናቸው፣ ንግግሩን ማን ጀመረው የሚለውንም ጨምረን።

ቤቷም ሄድን። እናቷ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ፣ ቤቷ ጠባብ ናት ግን ሞቅ ያለች። አጎቷ ለምሳ መጥተው ነበር፣ እና እጅ ማስታጠብ ሲደርስ የ7 ዓመቱ ታናሽ ወንድሟ ጆጉንና ሳህኑን ይዞ ተነሳ፣ እሷ ፍራሹ ላይ ቁጭ እንዳለች ናት። እኔ ለእናትየው «እሷስ ታስታጥባለች?» ስል «ኧረ ቲቸር፣ ትደፋዋለች ብዬ እኮ ነው፣ ሰውስ ምን ይለኛል፣ ዓይነ ስውር ልጇን ታሰራለች ነው የሚሉኝ» አሉ። እዚህ ጋ ነው «እንግዳ ሲመጣ ታስተናግዳለች» የሚለው ዜሮ የመጣው። አትችልም ተብሎ ዜሮ፣ ግን ጆግ በእጇ ይዛ አታውቅም! አጎትየው ሳቅ ብለው «እስኪ ነይ አስታጥቢኝ» አሏት። መጀመሪያ ውሃው ሱሪያቸው ላይ ሄደ፣ እናትየው ደንግጠው ሊነጥቋት ሲሉ አጎትየው በእጃቸው አስቆሟቸውና ጣታቸውን ከሳህኑ ጠርዝ ጋር አገናኝተው «እዚህ ነኝ» አሉ። ሁለተኛው ላይ ቀስ ብላ አፈሰሰች፣ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ፣ ከዛ «አሁን እጅዎት ላይ ነው፣ ሳህኑ ላይ ሲሆን ድምፁ ይለያል» አለች። ይሄን ማንም አላስተማራትም። ከዛን ቀን ጀምሮ ፎርማችን ላይ አንድ አምድ ጨመርን፣ «እድሉን አግኝታ ታውቃለች ወይ?» የሚል፣ መልሱ አይ ከሆነ ስኮር አይሰጥም፣ ባዶ ይቀመጣል። ብዙ ባዶ ነው የተገኘው። ሱቅ ሄዳ አታውቅም፣ ስልክ አንስታ አታውቅም፣ ለቅሶ ቤት እንኳን ይዘዋት አይሄዱም።

የኦቲዝሙስ ነገር? ዓይን መጫኑ ችግራቸው ሬቲና ላይ የሆነ ልጆች ጋ በጣም የተለመደ ነው፣ መወዛወዙም ዓይነ ስውር ልጆች ጋ ብዙ ጊዜ ይታያል። ግን የተለመደ ነው ብሎ ማለፍም አይበቃም፣ ኦቲዝም ያለበት ዓይነ ስውር ልጅም አለ። በዛ ላይ ለኦቲዝም በብዛት የሚጠቀሙበት ኤዶስ የሚባለው ምርመራ ራሱ ከባድ የማየት ጉዳት ላለባቸው ልጆች ተብሎ የተሰራ አይደለም። እኛ መመዝገብ የምንችለው መቼ እንደምትወዛወዝና መቼ እንደምታቆም ነው፣ ስትሰለች ነው የምትወዛወዘው፣ የሚያስጨንቅ ጫጫታ ሲበዛም። ባልደረባዬ ከሷና ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ቁጭ ብሎ እንቆቅልሽ ሲጀምር መወዛወዟ ቀጥ ብሎ ቆመ። እንቆቅልሽ ለእንደዚህ አይነት ነገር ከየትኛውም ፎርም በላይ ነው ባይ ነኝ፣ ማየት አይጠይቅም፣ ተራ አለው፣ «ምን አውቅልሽ» ብሎ መልስ መስጠት አለ፣ ሌላው ምን እንደሚያስብ መገመት አለ፣ ሲያቅት አገር መስጠት አለ። አንዱ ልጅ አልመለስ ሲለው «አገር ስጠኝ» አለችው፣ «ጎንደርን» ሲላት «ጎንደር እኮ ትናንት ወስጃለሁ፣ ሌላ አምጣ» ብላ ሳቀች። ቀልድ፣ ትዝታ፣ ተራ መጠበቅ፣ ሌላውን መቀለድ፣ ሁሉም እዛች ውስጥ አለ። ኦቲዝም የለባትም ብለን አልጻፍንም፣ እሱ የሀኪም ስራ ነው፣ ያየነውን ነው የጻፍነው፣ እናትየውም ለዓይን ቀጠሮ ሆስፒታል ሲሄዱ ወረቀቱን ይዘውት ሄዱ።

እስካሁን ያወራሁት ልጅቷን የሚደግፍ ይመስላል፣ ግን ፎርሙ በዜሮ ብዛት የሸፈነው እውነተኛ ጉድለትም ነበር። ጨዋታ ውስጥ መግባት አትችልበትም። ስትሞክር ያየነው እንዲህ ነው፣ ወደ ልጆቹ ሁለት እርምጃ ትሄድና «እናንተ! እናንተ!» ትላለች፣ ስም አትጠራም፣ ጨዋታው መሃል ላይ ይሁን ያለቀ ሳታጣራ ነው፣ ማንም የተጠራ ስለማይመስለው ማንም አይመልስም፣ ከዛ ወደ ግድግዳዋ ትመለሳለች። ሌላው ደግሞ ወሬ ስታገኝ አታቆምም። የሚሰማት ልጅ መሰልቸቱን ፊቱ ላይ ስለማታየው ትቀጥላለች፣ እሱ ዝም ብሎ ተነስቶ ይሄዳል፣ እሷ ባዶ ቦታ ታወራለች፣ ዙሪያው ያሉት ይስቃሉ። አንዴ ይሄ ሲሆን አይቻለሁ፣ ሳቁ ሲሰማት ለምን እንደሳቁ ስለገባት ዝም አለች። የመጀመሪያው ፎርም ላይ «ንግግር ትጀምራለች፣ ትቀጥላለች» የሚለው ሙሉ ነበር የተሰጣት፣ ክፍል ውስጥ ስትጠየቅ በደንብ ስለምትመልስ።

እነዚህን ሁለቱን ነው የያዝናቸው። የለካነው ኪሬሱክና ሸርማን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1968 ባወጡት መንገድ ነው፣ ከሌላ ልጅ ጋር አታወዳድርም፣ ለዛች ልጅ ብቻ ከቀነስ 2 እስከ ሲደመር 2 ደረጃ ትጽፋለህ፣ ዜሮ ማለት ይደረሳል ብለህ የጠበቅከው ነው። ለጨዋታ መግባት ቀነስ 2 ያልነው «ትቆማለች ወይ ለማንም ሳይሆን ትጣራለች» ነው፣ ዜሮ ያልነው «አንዷን በስሟ ጠርታ፣ መልስ ጠብቃ፣ መግባት እንደምትፈልግ ትናገራለች»፣ ሲደመር 2 ደግሞ «እምቢ ስትባል ሌላ ሀሳብ ታቀርባለች»። ለወሬው ደግሞ መሃል ላይ ቆም ብሎ «አለሽ?» ወይም «አንቺስ?» ማለት። ልጆቹም የየራሳቸው መስመር ተጻፈላቸው፣ ስትመጡ ስማችሁን ተናገሩ፣ ስትሄዱ «ሄድኩ» በሉ፣ ምክንያቱም የምንለካው በሁለት ሰዎች መሃል ያለ ነገር ሆኖ ሳለ ሁሌ አንዷን ብቻ መፈተን ትክክል አይመስለኝም። ክፍሉ ውስጥ «ሄድኩ» ማለት ወዲያው ፋሽን ሆነ፣ ለማያስፈልገውም ሁሉ ይሉታል፣ የክፍል አስተማሪው ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞር ባለ ቁጥር ከኋላ አንዱ «ሄድኩ» ይላል።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ወሬው ላይ ዜሮ ደርሳለች፣ አንዳንዴ ትረሳለች ግን ደርሳለች። እቴሜቴ ላይ ገባች፣ እጅ ለእጅ መማታትና ዜማ ስለሆነ ማየቱ ብዙም አያስፈልገውም፣ እንደውም ዜማውን የምታወጣው እሷ ሆነች። ሱዚ አልሆነም፣ ሞከረች፣ ወደቀች፣ ተወችው። ገመድ ዝላይ ላይ ገመድ አዟሪ ሆነች፣ እና ፕራክቲከሙ ልጅ ደስ ብሎት «አብሮ ተባብሮ መጫወት» ብሎ ከፍተኛውን ምልክት ሰጣት። ወረቀቱ ላይ ትክክል ነው። ግን እረፍት በመጣ ቁጥር አዟሪዋ እሷ ብቻ ናት፣ ሌላው ይቀያየራል፣ እሷን የሚተካ የለም። ስለዚህ ከጨዋታው ዓይነት ጎን «ምን ቦታ ይዛ?» የሚል ጨመርን፣ እንደዛ ሲቆጠር መሻሻሉ ቅድም ከሚታየው ያነሰ ሆነ።

የዓመቱ መጨረሻ አካባቢ የክፍል አስተማሪው ሁለተኛ ወረቀት ላከልን፣ «ባህሪዋ ተቀይሯል፣ ከልጆች ጋር መጣላት ጀምራለች» የሚል። ሄደን ስናጣራ ገመዱን ጥላ «ሁሌ እኔ ነኝ የማዞረው፣ ዛሬ ልዝለል፣ ካልሆነ አላዞርም» ብላለች፣ አንዷ «አትችይም» ስትላት «አንቺ ቁጠሪልኝ፣ ገመዱ መሬት ሲመታ እሰማዋለሁ» ብላ መልሳለች፣ ትንሽ ተጯጯሁ። ዘለለች ወይ ካላችሁ፣ ዘለለች፣ ገመዱ እግሯን እስኪይዘው ድረስ። በፎርሙ ከሄድን «ከሌሎች ጋር አትጣላም» ከሙሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ እኛ ጋ ደግሞ እምቢ ስትባል ሌላ ሀሳብ ማቅረብ ስለሆነ ሲደመር 2 ነው። ሁለቱም ለአዲሱ የ4ኛ ክፍል አስተማሪ በሚሄደው ፋይል ውስጥ ጎን ለጎን ገብተዋል፣ እያንዳንዱ ነጥብ በምን ምክንያት እንደተሰጠ ከስሩ ተጽፎ። አዳሪ ትምህርት ቤት የመመለሱ ነገር ለጊዜው ቀርቷል፣ ለክረምት የሰጠናት ስራ ሱቅ ሄዶ ዳቦ መግዛት ነው፣ ወንድሟ ከኋላ ሆኖ ሳይናገር።